በእኔ ልክ የተሰፋው ካባ

ጥቅምት 6 ቀን

ለቀጮ፣

ጤናሽን ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ከማለት ውጪ ስለማታውቂ ዛሬ አልጠይቅሽም። እኔ ወገቤን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ። ስልክ ማንሳት ከተውሽ ወዲህ ወረቀትና ፖስታ እየገዛሁ ነው፤ ባለ ሱቁ በስተርጅና ፍቅር የያዘኝ መስሎት በዓይኑ ይስቅብኛል። የማታነሺበትን ምክንያት ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካልነገርሽኝ ኩራት ነው ብዬ እይዘዋለሁ።

በደብዳቤሽ የውድድሩ ሰዎች ወደ አንቺም መጡ ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ መጥተዋል። የመጣችው የቁንጅና ውድድሩ ኮሚቴ አዲሷ ጸሐፊ ናት። የስፌት ቤቴን ደጃፍ ጭቃ በዚያ ረጅም ተረከዟ ተሻግራ ገባችና፣ የአገሪቱ የቁንጅና ውድድር ዘንድሮ አርባ ዓመት ሞላው፣ ታሪኩን በኤግዚቢሽን ልናሳይ ነው አለችኝ። እኔ ያልነበርኩበት ይመስል ቁጭ አድርጋ ታሪኩን አስረዳችኝ። በንግሥናው ምሽት የመጀመሪያዋ ንግሥት፣ ማለትም አንቺ፣ ያንን ቀይ ካባ ለብሰሽ መድረክ ትወጫለሽ፤ ከዚያ ከትከሻሽ አውርደሽ ለአዲሷ ንግሥት ታለብሻታለሽ።

ለጨዋታ ያህል፣ እሷ መምጣት ባትችልስ አልኳት። እንግዲያው እርስዎ ያለብሱልናል፣ የንግሥቲቱ ታላቅ እህት፣ የካባው ሰፊ አይደሉ እንዴ አለችኝ። እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ተውኩት።

እንዲያው ለአንቺው ብዬ ነው የምነግርሽ። መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ አውቶቡሱ እስኪደርስ አንጀት ያራግፋል። ሆቴሉ ውሃ የለውም ይባላል። የአዳራሹ ደረጃ እንደምታውቂው ቀጥ ያለ ነው፤ ያንቺ ጉልበት ደግሞ እንደ ድሮው አይሆንም። ሰዉ የሚያውቅሽ በዚያ በድሮው ፎቶ ነው፣ ባወቀሽበት ብትቆዪለት ምን ይልሻል? ውሳኔው ግን ያንቺ ነው። እኔ የለሁበትም።

ታላቅ እህትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ለእትዬ፣

ጉልበቴ ደህና ነው። ስላሰብሽለት አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ጠይቀሽው አታውቂም ነበር።

ደብዳቤሽን ባሌ አነበበው። የፋርማሲ ሰው ሁሉን ነገር እንደተጻፈው ነው የሚወስደው፤ «እህትሽ እንዴት ታስብልሻለች» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ሳቅኩ። ሆቴሉ ውሃ ባይኖረው፣ አንቺ ቤት ውሃ አለ አይደል? የቤትሽን ነገር እንዴት ሳታነሺው ቀረሽ?

ለኮሚቴው እመጣለሁ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

እትዬ፣ መቼም አታምኚኝም እንጂ እቀናብሻለሁ። እኔ አንድ ምሽት ነገሥኩ፣ በዓመቱ አስረከብኩ፣ ባሌን ተከትዬ እዚህ ሩቅ አገር ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የሳል ሽሮፕ ስሸጥ ኖርኩ። አንቺ ግን ከእኔ በኋላ የነገሡትን ሁሉ በእጅሽ ለክተሻል። ሰርጋቸው ላይ የምትቀመጪው ከቤተሰቡ ጋር ነው። ልጆቻቸው አያቴ ይሉሻል። እኔን መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ገፍተውኝ ነው የሚያልፉት። እንግዲህ አንድ ጊዜ ያዩኛል።

ስለ ካባው ትንፍሽ አላልሽም። ማን ጋ ነው ያለው? ብል በልቶት ይሆን? ኤግዚቢሽኑ ላይስ ስለ እሱ ምን ሊጽፉ ነው?

ታናሽሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለቀጮ፣

ካባው እኔ ጋ ነው። ብል እኔ ቤት ምን አባቱ ሊሠራ ይገባል?

ለኤግዚቢሽኑ አጽጂልን ብለው አምጥተውልኝ ገበሩን ፈትቼ ገለበጥኩት። አርባው ዓመት ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ዳኞቹ ከፈረዱ በኋላ ካባው እስኪለበስ ድረስ ሳምንት የሚሰጡት እኮ ለእኔ መርፌ ነው፤ እያንዳንዷን ንግሥት ለክቼ ሳጠብ ሳሰፋ የወጋሁት ሁሉ ከፋዩ ላይ ምልክቱን ትቷል። ክሩም እንደ ዘመኑ ነው። ደህና ጊዜ ሐር፣ ክፉ ጊዜ ከዱቄት ከረጢት አፍ የተፈታ። እዚህ ጋ ወገቧ አንድ ጭብጥ የነበረችው የመምህሩ ልጅ ናት። እዚህ ጋ ያቺ ዘውድ ጭና በወሩ ያገባችው፤ እኔ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አውቄ ጎኑን ለቀቅ አድርጌላታለሁ። እዚህ ጋ ደግሞ ዓመቷ ሲያልቅ ካባውን አልመልስም ብላ በፖሊስ ያስመለስነው፤ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ለብሶት ፎቶ ሲነሣ ኖሮ ጀርባው ተልጧል።

መሃል ላይ አንድም ስፌት የሌለበት ጊዜ አለ። ቁንጅና የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ተብሎ የተከለከለበት፣ አዳራሹም የሲሚንቶ መጋዘን የሆነበት ዘመን ነው። ያኔ ካባውን ትራስ ውስጥ ሰፍቼበት ተኝቼበታለሁ። ውድድሩ ሲመለስ ወጪውን የቻለው የሳሙና ፋብሪካ ነበር፤ ንግሥቶቹ ዘውድ ጭነው፣ ካባ ደርበው፣ ሳሙና ይዘው ፎቶ ይነሡ ነበር። ከፋዩ እስከ ዛሬ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ምን ሊጽፉ ነው ላልሽው፣ ጸሐፊዋ ረቂቁን አሳይታኛለች። «ቀዳማዊት ንግሥታችን የአገር ፍቅር ቢያሸንፋት እጇን በልቧ ላይ አድርጋ በመድረኩ አለፈች፤ ይህም እስከ ዛሬ የንግሥቶቻችን ወግ ሆኖ ይኖራል» ይላል። በልቧ ላይ ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። ልነግራት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለውድድሩ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ካባውን በገዛ ትከሻዬ ልክ የቆረጥኩት እኔ ነኝ ልላት። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ጆሮ ደግፍ ያዘኝና ጉንጬ አበጠ፤ እናታችን «ከቤታችን ስም ከገባ አይቀርም» ብላ ካባዬን አልብሳ አንቺን ላከችሽ ልላት። ያንቺ ትከሻ የወፍ ነበር። ካባው እየተንሸራተተ ቢያስቸግርሽ ኮሌታውን ጨምድደሽ ያዝሽው። ዳኞቹ ግርማ ሞገስ ነው አሉ፣ ፎቶ አንሺው አነሣሽ፣ ኮሚቴው ካባውን ወርሶ ወግ አደረገው፣ በቃ። እኔ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልዬ በራዲዮ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም በልካቸው አድርጌላቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ላይ ተንሸራቶ አያውቅም። የአረማመድ አስተማሪዎቹ ግን «እጅ፣ እጅ» እያሉ ያስይዟቸዋል። ይኸው አገሩ በሙሉ አርባ ዓመት ለእኔ ጆሮ ደግፍ ሲያጨበጭብ ኖረ። አንቺም ጋዜጣ ላይ «ካባውን ታላቅ እህቴ ለእኔ ሰፋችው» ብለሽ ነበር። ጋዜጣው አሁንም አለኝ።

ለጸሐፊዋ እስካሁን አልነገርኳትም። አልነግራትም ግን አላልኩም።

ፎቶሽን መላክ ለምን ተውሽ? በየበዓሉ ትልኪልኝ አልነበር?

ታላቅሽ


ኅዳር 14 ቀን

ለእትዬ፣

እጁን ተይልኝ።

ጋዜጠኛው ካባው የማን ነው አላለኝም፤ ማን ሰፋው ነው ያለኝ። ሌላውን ከራሱ ጨመረ። ልጅ ነበርኩ፣ ሳነበው ደስ አለኝ፣ እንዲያርመው አልጠየቅኩትም። በኋላ ደግሞ ምን ተብሎ ይታረማል?

ከዚያ ምሽት የቀረኝ ያ እጅ ብቻ ነው። ዘውዱ ቆርቆሮ ስለነበር ዛገ። ለንግሥቲቱ ትሰጣለች የተባለችው መኪና እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ናት። መልክም እንደምታውቂው ነው። እጁ ግን አለ። በየዓመቱ በቴሌቪዥን አንዲት የማላውቃት ልጅ እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ፣ ባሌ «ያንቺን አደረገች» ይለኛል። ያን ሰሞን ባንኮኒ ኋላ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ካባውን ከፈለግሽ ሙሉውን ውሰጂው፤ እጁን ግን ከወሰድሽብኝ ምን ይቀረኛል?

ፎቶ ያልላክሁት ፎቶ ቤቱ ስለተዘጋ ነው። ስልካችንም ተበላሽቷል። የአውቶቡስ ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ ስመጣ እንጨቃጨቃለን።

ታናሽሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለቀጮ፣

ያ ተበላሽቷል ያልሽው ስልክ ትናንት ደወለልኝ።

ባልሽ ነው። ኮሚቴው ለፕሮግራሙ ወረቀት የቅርብ ጊዜ ፎቶሽን ቢጠይቀው ግራ ገብቶት፣ ምን ልበላቸው ብሎ ሊያማክረኝ ነው የደወለው። «ፊቷ እኮ ከበፊቱ ይሻላል፣ አትጨነቂ» አለኝ። ምኑ ነው የተሻላት ስለው ወሬውን ወደ ፎቶው መለሰ። እኔ የማውቅ መስሎት ኖሯል ምስኪን።

እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንግዲህ አትመጣም፣ የምወጣው እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። መቀሱን እንኳ ከእጄ አላስቀመጥኩም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ያ በሻርፕ የተጠቀለለ ፊቴ ትዝ አለኝና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ሰው የሞተብኝ መስሏት አብራኝ አለቀሰች፤ ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ ቀሚሷን ይዛ ሄደች።

ሌላም አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የንግሥቶቹን ስፌት ሁሉ ፈትቼዋለሁ። ያጠበብኩትን ለቀቅኩ፣ ያሰፋሁትን መለስኩ፣ መጀመሪያ ወደቆረጥኩት ልክ አደረስኩትና ለበስኩት። ወገቤ ሄዷል፣ ደረቴም ሄዷል፤ ትከሻ ግን አጥንት ነው፣ የትም አይሄድም። ልክክ አለ። መስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ አልኩ። እጄን የትም ማድረግ አላስፈለገኝም። በመድረኩ ላይ እንደዚህ ሆኜ መሄድ አማረኝ፣ አምላክ ያውቃል፣ በዚህ ዕድሜዬ አማረኝ።

አሁን ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ። ፊትሽ ምን ሆነ? ቆረጥኩ ያልሽው ቲኬትስ?

ታላቅሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለእትዬ፣

ቲኬት የለኝም። ቆርጬም አላውቅም።

ሐምሌ ላይ ጠዋት ሻይ ስጠጣ በአፌ ጎን ፈሰሰብኝ። መስታወት ባይ ግራ ፊቴ ወደ ታች ወርዷል። ዓይኔ አይከደንም፤ ስተኛ በጥጥ እሸፍነዋለሁ። ስናገር ቃሉ ይጎተትብኛል፣ ስልክ ያላነሣሁት ለዚህ ነው፤ ኩራት አልነበረም። ሐኪሙ የነርቭ ነገር ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ፋርማሲው የሚገቡ ሰዎች ፊቴን ላለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ያነባሉ።

ታዲያ እመጣለሁ ብዬ ለምን ጻፍኩ ትይኛለሽ። አንቺ እንዳትወጪ ነው። አንቺ በእኔ ቦታ ቆመሽ ሲያጨበጭቡልሽ እኔ እዚህ አልጋ ላይ ጥጥ ለጥፌ ማየት አልቻልኩም። በመጨረሻው ሰዓት ታመምኩ ብዬ ልልክ፣ ጸሐፊዋም ስትደናበር አንዷን የድሮ ንግሥት እንድታስወጣ ነበር ሐሳቤ። ይኸውልሽ፣ እንዲህ ያለች እህት ናት ያለችሽ።

ደስ አለኝ ስላልሽኝ አልተቀየምኩሽም። ያኔ ያንቺ ጉንጭ አብጦ እናታችን ካባውን እኔ ላይ ስትደርብ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በሻርፑ መሃል ስታይኝ አይቼሻለሁ። ያ አስተያየት የገባኝ ገና ዘንድሮ ነው።

መድረኩ ላይ ውጪ። ለኮሚቴው ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ካባው የማን እንደነበረ ልትነግሪያቸው ከፈለግሽም ንገሪያቸው፤ አልከለክልሽም። እኔ በቴሌቪዥን አያለሁ፣ በአንድ ዓይን።

ታናሽሽ


ጥር 5 ቀን

ለቀጮ፣

ልምምዱ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ እግሬን ፈጁት። የአረማመድ አስተማሪው ብወልድ ኖሮ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ካባውን ለብሼ፣ እጄን አውርጄ፣ እንደ ሰው ስሄድ ሙዚቃውን አስቆመ። «እማማ፣ እጅ ረሱ። ቀዳማዊቷ ንግሥት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» ብሎ በገዛ ደረቱ ላይ አሳየኝ። የገዛ ካባዬን አያያዝ ተማርኩልሽ።

ዳኞቹ ባለፈው ሳምንት ፈርደዋል፤ አዲሷን ንግሥት አምጥተውልኝ ለክቻታለሁ። ማይክሮፎን ለአንድ አፍታ ይሰጥዎታል ብለውኛል። ምን እንደምላቸው አልወሰንኩም፤ ከአሁኑ ቃል አልገባልሽም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ጥቅል አለ። ጥጥ ዓይን ይቆረቁራል፤ ከገበሩ ሐር ስለተረፈኝ የዓይን መሸፈኛ ሰፍቼልሻለሁ። ሜትር አላስፈለገኝም፣ ፊትሽን በእጄ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆነን የምትለብሺው ሁሉ እኔን የጠበበኝን ነበር። በአንቺ ልክ የቆረጥኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ መሆኑን እየሰፋሁት ነው ያስተዋልኩት።

ታላቅሽ


ጥር 17 ቀን

ለእትዬ፣

መሸፈኛው ልክ ነው። ባሌ ወንበዴ መሰልሽ አለኝ፤ ከዚህ በሽታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቀኝ፣ በአንድ ጎን።

ቴሌቪዥኑን አልጋው እግርጌ አምጥቶልኝ አየሁሽ። ስትወጪ ቀናሁብሽ፤ አልዋሽሽም። ካባው ትከሻሽ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እኔ ላይ እንደዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ያ ጆሮ ደግፍ ባይዝሽ ኖሮ እኔን የሚያውቀኝ ሰው ባልኖረ ነበር አልኩ። ባሌን ውሃ አምጣልኝ ብዬ አስወጣሁት።

ግን ሁለት ነገር አልገባኝም። መሃል መንገድ ላይ ስትደርሺ ኮሌታውን ያዝሽ። ካባው አልተንሸራተተም፣ በደንብ አይቻለሁ። ለምን ያዝሽው? ማይክሮፎኑንስ ተቀብለሽ፣ አፍሽ ድረስ አስጠግተሽ፣ «መልካም ምሽት» ብቻ ብለሽ ለምን መለስሽው?

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ ጣቢያው ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ታናሽሽ


ጥር 28 ቀን

ለቀጮ፣

ላንቺ ብዬ ያዝኩት እያልኩ አላሞኝሽም። እጄን አውርጄ የወጣሁት አስቤበት ነው። ካባዬ ነው፣ ልኬ ነው፣ ለምን እይዘዋለሁ ብዬ። የፊት ረድፍ ላይ የድሮ ንግሥቶች ተደርድረዋል፤ ሁሉንም በእጄ የለካኋቸው ናቸው፣ ሁሉም እጄን ያያሉ። አንዷማ በአገጯ ወደ ደረቷ ታመለክተኛለች። መሃል ስደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌ ሲይዝ ተንቀጥቅጦ የማያውቅ እጅ። የምደብቅበት ባጣ ኮሌታውን ጨበጥኩ።

ሰዉ ብድግ አለ። አስተዋዋቂው «ልክ እንደ ቀዳማዊቷ ንግሥት» አለ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የገዛ ልብሴን ለብሼ ብወጣ እህቷን መሰለች ተባልኩ። ያ አርባ ዓመት የተመኘሁት ጭብጨባ መጣልኝ፣ መጣና በአጠገቤ አልፎ ወደ አንቺ ሄደ። እዚያው መድረኩ ላይ እንደ አዲስ ቀናሁብሽ። ማይክሮፎኑን የሰጡኝ በዚህ መሃል ነው። ይህን ካባ የሰፋሁት ለራሴ ነበር ብል፣ አንዲት ያበደች አሮጊት ልብስ ሰፊ ተብዬ በማግስቱ መሳቂያ እሆን ነበር። ደግሞ በአንድ ዓይንሽ እያየሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መልካም ምሽት አልኳቸው።

አሁን ማስታወቂያው የሸፈነብሽን ልንገርሽ።

አዲሷን ንግሥት ለክቻታለሁ ብዬሽ አልነበር? ለካኋትና ሜትሩን ጠቀለልኩት። አንድ ስፌት አልነካሁም። ለእሷ ካጠበብኩት እኔ በልኬ ልለብሰው አልችልም፤ አንድ ምሽት ለራሴ ይሁን፣ እሷ እንደፍጥርጥሯ ትሁን አልኩ። የልጅቷ ትከሻ ያንቺው ዓይነት ነው፣ የወፍ። ካባውን ከትከሻዬ አውርጄ ደረብኩላት። ገና እግሯን ስታነሣ ተንሸራተተ። ልጅቷ ደነገጠች፤ አስተማሪው ያስጠናትን ሁሉ ረሳችና ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው። ከአንቺ በኋላ የምሯን የያዘች እሷ ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንዳይወድቅባት እየፈራች ሄደች።

እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየኋት። ያኔ እኮ በራዲዮ ነበር የሰማሁት፣ አላየሁሽም ነበር። ለካ እንዲህ ነበር። ቆንጆ ነበርሽ።

በማግስቱ ጸሐፊዋ ካባውን መልሳ ላከችብኝ። ንግሥቲቱን ሰፍቷታል፣ ይጠበብልን ትላለች። ልኩ ይኸው ነው ብዬ መለስኩላት።

ታላቅሽ